እንደምን ዋላችሁ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ወዳጆቼ፣ እኔ የድምፅ ቴክኒሻን ነኝ፤ ማይክ ላይ የማውቀው ንግግር "አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?" ብቻ ነው። የእትዬ የጡረታ መሸኛ ነውና ታገሱኝ። ደግሞ ደክሞኛል።

እትዬ እዚህ ሬዲዮ ጣቢያ አቅራቢ ሆነው የመጡ ቀን ጫማቸው ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። "ጫማዎ ስቱዲዮ ውስጥ ይሰማል" አልኳቸው። "እኔ ካልተሰማሁ እሱ ይሰማ" አሉኝና አወለቁት። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት የኪነ ጥበብ ፕሮግራማችን በካልሲ ተላለፈ። የካልሲውን ቀዳዳ የማያውቅ እዚህ የለም።

ፕሮግራሙ ያኔ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሙሉ አንድ ሰዓት። ከዚያ አርባ ደቂቃ ሆነ፣ ከዚያ ሃያ። አለቃ በተለወጠ ቁጥር እንደ ተከራይ ስንዛወር ኖረን፣ መጨረሻ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጣሉን። የመጀመሪያው ጠዋት እትዬ ማይኩን ከፈቱና በአፍ ልማድ "እንደምን ዋላችሁ!" አሉ። ከመስታወቱ ጀርባ እጄን ባወናጭፍ፣ ሰላም ያልኳቸው መስሏቸው እሳቸውም አወዛወዙልኝ።

አለቃ ተቆጡ። በማግስቱ ግን አንድ የሌሊት ዘበኛ ደወለ። "እንዳታርሙት" አለ። "የኔ ቀን የሚያልቀው አሁን ነው። በልኬ ሰላም ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።" ከዚያ ወዲህ አልታረመም፤ እሳቸውም "እትዬ ዋላችሁ" ሆነው ቀሩ።

እትዬ፣ እውነቱን ልናገር። ሰልችቶኛል። አለቃ "ከሰኞ ጀምሮ አቅራቢ ካልተገኘ ሰዓቱን በዘፈን እንሞላዋለን" ሲሉ፣ እኔም የመልቀቂያ ማመልከቻ ጻፍኩ። ኮሪደር ላይ አገኙኝና ከእጄ ወስደው አነበቡት። ተው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ሁለት ቦታ አከበቡ። "ፊደል ስተሃል፤ አስተካክለህ ጻፈው" ብለው መለሱልኝ። ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ አላስተካከልኩትም።

እንግዳ ማይክ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ድምፁን ቶሎ እንዳልቆርጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስሠራ የተከበርኩት በእርስዎ ነው። አመሰግናለሁ። በጣም ይናፍቁኛል።

ትናንት አለቃ ቢሮ ገብቼ "አቅራቢ ተገኝቷል" ብያለሁ። ድምፄ ሻካራ ነው፣ ይታወቃል። ጫማዬን ግን አወልቃለሁ። እርስዎ ይተኙ፤ "እንደምን ዋላችሁ"ን እኔ እላለሁ። ሊያርሙኝ ቢደውሉ ስልክ አላነሳም።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። ለጤናቸው፣ ለዕድሜያቸው፣ ጠግበው ለሚተኙት እንቅልፍ።

እትዬ፣ ደህና ዋሉ።