የተዝካሯ በሬ

ከደባርቅ ወደ ዳባት በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንዱ የአምባራስ ገበሬ ነው፤ አሮጊት እናቱን ጋቢና አስቀምጧል። ሌላው የደባርቅ ሽማግሌ ናቸው።

"ለእናትህ ተዝካር ያደለብከውን በሬ ሸጥከው አሉኝ። እውነት ነው?"

"ሸጥኩት፣ አባቴ።"

"እሳቸው በሕይወት እያሉ? ገንዘቡን ምን ልታደርገው?"

"እህቷ ዳባት ናት። ሁለቱም ጉልበታቸው ደክሞ ሳይተያዩ ስንት ዓመታቸው። እናቴን በበቅሎ አወረድኳት፤ አሁን ላገናኛቸው ነው። ለገና ደግሞ ሁለቱንም ላሊበላ ይዣቸው እሄዳለሁ።"

"ኋላ አገሩን በምን ልታበላ?"

"በንፍሮ።"

"በንፍሮ? ሰው ይስቅብሃል።"

አሮጊቷ ከጋቢና ዞር አሉ።

"ይሳቅ እንጂ፤ እኔ እንደሆን የራሴን ተዝካር አልቀምሰው።"

"ካህናቱስ፣ እሜቴ?"

"ለፍትሐቱና ለቅዳሴው የሚሆነውን ለንስሐ አባቴ ሰጥቻለሁ። የቀረው ሥጋው ነው፤ እሱ ደግሞ የእናንተ ነበር።"

ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"እህትዎ እንደሚመጡ ያውቃሉ?" አሏቸው።

"አታውቅም። ብነግራትማ ከትናንት ጀምራ መንገድ ላይ ትቆም ነበር።"

"አንተ ልጅ፣ ተባረክ። እኔም ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ከአንተ አጠገብ ባስቀመጥኳቸው ምናለ።"

መውረጃዬ ከዳባት በፊት፣ ወቅን ነበር፤ ስንደርስ "ወራጅ አለ" ሳልል እስከ ዳባት አብሬያቸው ሄድኩ።