የጋሽ ሐሰን ጤፍና የመሠረት ድንጋዮቹ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የንግድ ዜና ማለት ድንጋይ ነበር። አትሳቁ እንጂ። እኔ ደሴ ላይ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሆኜ የተቀጠርኩት ስለ ገበያና ስለ ንግድ ላወራ ነው፤ ታዲያ ጥጃ የሚያክል የድምፅ መቅረጫ አሸክመው ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይልኩኛል፣ እና እዚያ አንድ ሹም የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል፣ እኔ ማይኬን ደግኜ እቀዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ያኔ ኮምቦልቻ ላይ ከሰው ድንጋይ ይበዛ ነበር፤ እኔው ቆጥሬዋለሁ።

አንዱ ድንጋይ የተቀመጠው ጋሽ ሐሰን የሚባሉ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ያለቻቸው እሷው ማሳ ናት። ሹሙ የዘይት ፋብሪካው በአንድ ዓመት ሥራ ይጀምራል፣ ባለመሬቶቹም እዚያው ይቀጠራሉ አለ፣ እኔም ድምፄን አወፍሬ በሬዲዮ አስተላለፍኩት። ታዲያ ጋሽ ሐሰን ሰሙኝ፣ አመኑኝ፣ እና ጤፋቸውን ሳይዘሩ ቀሩ። ዓመት ሞላ፤ ፋብሪካ የለም። ሹሙ ተገምግሞ ወረደ፣ አዲሱ መጣ፣ እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሌላ ሰው ድንጋይ ላይ አልሠራም ብሎ አጠገቡ ሌላ ድንጋይ አስቀመጠ። «በአንድ ዓመት» አለ። እኔም በሬዲዮ «በአንድ ዓመት» አልኩ። ምን ላድርግ?

ኧረ አለቃዬን ለምኜዋለሁ። ይኼ እኮ ሁለተኛው ድንጋይ ነው፣ እሱንም እንናገር አልኩት። በቀይ እስክሪብቶ ዜናዬን እየሰረዘ፣ «አንተ ደግሞ፣ ድንጋይ ቁጠር ማን አለህ?» አለኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ ሐሰን ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጥተው ደሴ መጡ። ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ አልተቆጡም፣ እንዲህ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፤ «ልጄ፣ ያቺ ድምፅህ አምና ልጆቼን በሰው እህል አክርማብኛለች። ዘንድሮ ልዝራ ወይስ አልዝራ?»

ግራ ቀኝ አየሁና በጆሯቸው «ይዝሩ» አልኳቸው። አንድ ሰው ቢሰማ እንጀራዬ ተቆረጠ ማለት ነው።

ታዲያ ጥቅምት ላይ ሁለተኛውም ሹም ወረደና ሦስተኛው ሹም ሦስተኛውን ድንጋይ አስጭኖ መጣ። ጤፉ ወገብ ደርሷል፣ ሁለቱ ድንጋዮች እንደ ዋናተኛ አናታቸው ብቻ ይታያል፣ ድንኳን መትከያ ጠፋ። ሹሙ ቱግ አለና፣ «ማነው ዝራ ያለህ?» አለ። የእኔ ላብ ወርዶ ወርዶ የቦርከናን ወንዝ ሞላው።

ጋሽ ሐሰን ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። «ድንጋዮቹ ናቸው ጌታዬ» አሉ። «ሁለት ክረምት እዚህ ሲገተሩ የጠየቃቸው የለም፤ ቢጨንቃቸው ዝራ አሉኝ።»

ሰዉ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ሹሙም የደረሰ ጤፍ ንቀሉ ብሎ ሕዝብ ፊት አያዝ ነገር፣ ድንጋዩን መንገድ ዳር አስቀምጦ ሄደ። በአንድ ዓመት ብሎ።

ስንለያይ ለምን እንዳላጋለጡኝ ጠየቅኳቸው። «ወላሂ፣ በሬዲዮ ስትጮህ ሰምቼህ ተራብኩ፣ በጆሮዬ ስታንሾካሹክ ሰምቼህ ልጠግብ ነው። ታዲያ አንተን ቢያባርሩህ ለከርሞ ማን ያንሾካሹክልኛል?»

እና ልጆቼ፣ ያን ሁሉ ዘመን በሬዲዮ ስለፈልፍ ኖሬ፣ እውነተኛ የንግድ ዜና ያወራሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም የሰማኝ አንድ ሰው ነው።