ቡሬ የተባልኩ ዕለት

በእኛ ጊዜ ፋይል የሚባለው አውራጃው ጽሕፈት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር እንጂ እንዳንቺው ጭን ላይ ተቀምጦ አይታይም። ቆይ ትዕግሥት፣ ያን ኮምፒውተር ትንሽ ዝጊውና ስሚኝ። "አባባ፣ በአማርኛ የሚታዘዝ የኮምፒውተር ቋንቋ እየሠራሁ ነው፤ ፋይል ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይዘጋል" አልሽኝ፣ እሰየው አልኩ። "ግን ፋይሉ በስሙ ተጠርቶ ከታጣ ምን ያድርግ? ስህተት ብሎ ይቁም ወይስ አዲስ ባዶ ይክፈት?" አልሽኝ፣ እና ይኸው ከልቤ አልወጣም። ተጠርቶ መታጣትን እኔ አውቀዋለሁ።

ታዲያ ያ ክፉ ቀን ነው፣ ንጉሡ ወርደው ረሃቡ ግን ገና ያልወረደበት፣ ዘመቻ የወጡ ተማሪዎች አገሩን የሞሉበት። መካነ ሰላም ከተማ እህል ይታደላል ተባለ። እኔ ደግሞ ደግሼ አገር ያበላሁ ሰው ነኝ፣ እንዴት ብዬ ልሰለፍ? አያትሽ የተመኝ "ልጁ ከውሃ በቀር አልቀመሰም" አለችኝ፣ ልጁ አባትሽ ነው፣ ልብ በይ፣ እና ሄድን።

አንዱ ተማሪ፣ የከተማ ልጅ፣ የተረጂውን ስም እየመዘገበ "አባቴ፣ ስምዎን ማን ልበል?" አለኝ። ስሜን ብናገር ነገ በአደባባይ ሲጠራ ያገሬ ሰው ይሰማል፣ "እሱም ለልመና ወጣ?" ሊለኝ ነው። ሌላ ስም ልስጥ ብዬ አፌን ብከፍት ምን ወጣ መሰለሽ? "ቡሬ።" ቡሬ በሬዬ ነው፣ በዚያው ሰሞን ሣር አጥቶ ወድቆ የቀረብኝ፣ ሌት ተቀን እሱን ሳስብ አፌ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ጻፈው።

በማግስቱ ቆሞ ይጠራል፣ "ቡሬ... ቡሬ..." ደጋግሞ ጠርቶ ያጣውን ይሰርዝና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ መሬት መሬቱን አያለሁ። ያገሬ ሰው ግራና ቀኜ አለ፣ እና ቡሬን የማያውቀው የለም፣ የስንቱን ማሳ አርሷል። ብነሳ በበሬ ስም ልነሳ ነው፣ ብቀመጥ ልጄ ጦሙን ሊያድር ነው። እፍረት ከረሃብ ይብሳል ስልሽ ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ልጄን እያሰብኩ እንኳ አልተነሳሁም።

"ቡሬ የለም ማለት ነው" አለና ተማሪው ሊሰርዝ እርሳሱን አነሳ። ይኼኔ ጎረቤታችን ሰይድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ "አለ እንጂ፣ ይኸውልህ" አለ። ተማሪው ተጠራጠረ፣ "እርስዎ ነዎት?" ቢለኝ ጋቢዬን ይበልጥ ተከናነብኩ። ታዲያ ሰይድ "ወላሂ ቡሬ እሱ ነው" ብሎ ማለልኝ፣ ያ ከመስጊድ የማይቀር ሰው። ከኋላም አንዱ "እሱ ነው፣ እናውቀዋለን" አለ፣ ሌላውም እንደዚያው። አንድ የሳቀ የለም። "አብሽር፣ አይዞህ፣ ተነስ" አለኝ ሰይድ በጆሮዬ፣ እና ስንዴዬን ተሸክሜ ገባሁ።

ቢስቁብኝ ኖሮ እፍረቱ እዚያው ያልቅ ነበር፣ ስላልሳቁ ይኸው እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል። ሰይድም እስኪሞት አንድ ቀን አላነሳብኝም።

"ታዲያ አባባ፣ ፋይሉ ከታጣ ምን ላድርገው?" አለች ትዕግሥት፣ አባባ ወጋቸውን ሲጨርሱ።

"ባዶ አይክፈት፣ ባዶ ስልቻ ይዤ ብመለስ አባትሽ ምን ይበላ ነበር? ለመሰረዝም አይቸኩል። አጠገቡ ያሉትን ይጠይቅ።"

"ጥሩ፣ ትእዛዙን ማን ልበለው?"

አባባ ሳቁና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

"ቡሬ ብቻ እንዳትይው። ሰይድ በይው።"