የቦዔዝ አውድማ ያለበት የፈረንጅ መጽሐፍ

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የመጽሐፍ ቅዱስን ዘመን አኗኗር አስተምራለሁ። ቦዔዝ ምርቱን ሊጠብቅ አውድማው ላይ ስለማደሩ፣ ገብሱም የማታ ነፋስ ተጠብቆ በመንሽ ስለመበተኑ ስተርክ ተማሪዎቼ ይደመማሉ። “መምህርት፣ ከየት አነበቡት?” ሲሉኝ፣ “ከአንድ የፈረንጅ መጽሐፍ” እላለሁ። የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ መሆኔን ጎንደር ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አፍር ነበር።

ባለፈው እሑድ አባቴ ሳልጠራው መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ብደነግጥም ያንኑ የፈረንጅ መጽሐፍ ጠቀስሁ። ስጨርስ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ።

“ሸጋ ትምህርት ነው” አለ። “ግን ልጄ፣ ይህ ፈረንጅ መቼ ነው እኛ አውድማ የመጣ? ምነው ሳትነግሪኝ?”

ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። “አባቴ ነው” አልሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ። የቀረውን ሰዓት እሱ አስተማረ፤ እኔ ማስታወሻ ያዝሁ።