ለእዝን የጣፈጠ ወጥ

ደብረ ብርሃን፣ ሁለት ጎረቤታሞች በሚጋሩት ግቢ፣ የጋሽ ደምሰው ሠልስት በወጣ ማግስት፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከላቸውን እንደለበሱ በትርንጎ ማድቤት ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፣ ትርንጎ ቆማ ድስት ትፈትጋለች።

ዘነበች፦ እምቢታሽን አልሰማሁም። የአርባውን ወጥ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ አፈር ስሆን ይተዉኝ። ሽንኩርት ልክተፍ፣ ውሃ ልቅዳ፣ ጠላውንም ልጥመቅ። ወጥ ግን አይሆንም። እጄ እንደማይጣፍጥ እርስዎም ያውቃሉ፣ መንደሩም ያውቃል።

ዘነበች፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? እኔም ሞኝ ልባል፤ አልለቅሽም።

ትርንጎ፦ ባለሙያ ሴት በሞላበት ሰፈር እኔን ምን አስመረጠዎት?

ዘነበች፦ ምስርሽ ነዋ።

ትርንጎ፦ የቱ ምስር?

ዘነበች፦ የቱ ምስር ትላለች ደግሞ። በቀብሩ ዕለት ለእዝን ያመጣሽው። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ደንቡ ድስት ድስቱን ይዞ መጣ፤ ሽሮው ውሃ፣ ጎመኑ ጥሬ። ሰዉም እንደ ደንቡ ቆረስ እያደረገ «ነፍስ ይማር» ብሎ አፉን ጠራረገ። ያንቺ ድስት ሲከፈት ግን ለቅሶው ቆመ።

ትርንጎ፦ ኧረ እትዬ፣ በዚህ ሐዘን ላይ አይቀልዱ።

ዘነበች፦ ቀልድ ያማረኝ መሰለሽ? አልቃሿ ሙሾዋን አቋርጣ «ይሄን ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች። ከገጠር የመጣው የደምሰው አጎት ድስቱን በእንጀራ ጠርጎ ሲያበቃ ነው ሰው መሞቱ ትዝ ያለው።

ትርንጎ፦ ረሃብ ነው። ከቀብር የተመለሰ ሰው ድንጋይም ይጣፍጠዋል።

ዘነበች፦ ድንጋይስ ሌላውም ጎረቤት አምጥቶ ነበር፤ ማን ነካው?

ትርንጎ፦ እንግዲህ የዕድል ነገር ነው። አንዳንድ ቀን ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል።

ዘነበች፦ እኔም የምጠይቅሽ እሱን ነው። ምነው ያን ቀን ሆነ? ድስቱን ተይው፣ ከጠራ ቆየ።

ትርንጎ፦ ጥቀርሻ አለበት።

ዘነበች፦ ለመሆኑ ከዚያ ወዲያ ምነው ጠፋሽ? በራችን ፊት ለፊት ነው። ሰው ከሸኖ ተሳፍሮ መጥቶ አብሮኝ ሲያድር አንቺ ብቅ አላልሽም።

ትርንጎ፦ ጉልበቴን አሞኝ።

ዘነበች፦ ቧንቧው ጋ ስትወርጂ ጉልበትሽ ደህና ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። እኔም ማድቤት ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ ትርንጎ። ያ ሽንኩርት ሳይቸኩሉ የተቁላላ ሽንኩርት ነው። ልቡ የተሰበረ ሰው ሽንኩርት ያሳርራል፣ ወይ ሳይበስል ውሃ ይደፋበታል፤ ቆሞ አያማስልም። በርበሬውንም ውሃ ጠብ እያደረግሽ በትዕግሥት ነው ያበሰልሽው። እሱስ ይሁን። መከለሻውስ?

ትርንጎ፦ የምን መከለሻ?

ዘነበች፦ እኔን እንኳ አታሞኚኝ። ለእዝን ማን መከለሻ ይነሰንሳል? እዝን ሐዘንተኛው ጦሙን እንዳያድር የሚቀመስ ነው፤ የሠርግ ወጥ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው ልቡ…

ትርንጎ፦ ይበቃል፣ እትዬ።

ዘነበች፦ አልጨረስኩም።

ትርንጎ፦ እኔ ልጨርስልዎ። ልቡ የጨፈረ ሰው ነው። ይኸው፣ ተናገርኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘነበች፦ በደምሰው ሞት ደስ አለሽ?

ትርንጎ፦ ደስ ብሎኝማ አይደለም ማድቤት የገባሁት። ጩኸትዎን ሰምቼ፣ አልቅሼ፣ እንባዬን ጠርጌ ነው ሽንኩርት የከተፍኩት። ድስቱን ስጥድ ግን ከኋላዬ የሚቆመው ሰው የለም።

ዘነበች፦ ማን ነበር የሚቆመው?

ትርንጎ፦ እሳቸው ናቸዋ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ የማኅበሩን ቀን ረሱት?

ዘነበች፦ የትኛውን?

ትርንጎ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ የሆነ ጊዜ ነዋ፤ ባሌ ጥሎኝ በሄደ በሳምንቱ። ጋሽ ደምሰው አንድ ጎረሱና ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «ሽንኩርቱም መጥቷል፣ በርበሬውም መጥቷል፤ ሠሪዋ ግን አልመጣችም» አሉ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሆነና ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ።

ዘነበች፦ እኔም ስቄያለሁ።

ትርንጎ፦ አይቻለሁ።

ዘነበች፦ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ትርንጎ፦ እውነታቸውን መሆኑ ነው የባሰኝ። ያን ቀን እውነትም ማድቤት አልነበርኩም፤ ልቤ ከባሌ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሯል። ከዚያ ወዲያ ግን ድስት በጣድኩ ቁጥር ከኋላዬ ቆመው «ዛሬስ መጣች?» የሚሉኝ ይመስለኛል። ጨው ጨምሬ እረሳና ደግሜ እጨምራለሁ። ልጄ እንኳ ወጤን ትቶ ዳቦ በሻይ ለመደ።

ዘነበች፦ ልጅሽን ካነሳሽ አይቀር፣ ያን ክረምት ሳምባውን ሲታመም አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው ማን ነበር?

ትርንጎ፦ እሳቸው።

ዘነበች፦ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት፣ በባዶ እግሩ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። ታዲያ በምን ዓይኔ ለቅሶ ቤት ልቀመጥ? ልጄን ያተረፉልኝ ሰው አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ እኔ ድስት ላይ ቆሜ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ሙሾ የማወርድ መስሎኝ ነበር። ልብ ብዬ ስሰማው የሠርግ ዘፈን ነው። እጄ ወደ መከለሻው ሲሄድ አየሁት፤ አልከለከልኩትም። ከዚያ ቀመስኩት። አፈርኩ፣ እትዬ። እንዴት እንደጣፈጠኝ ልነግርዎ አልችልም። ከዚያን ቀን ወዲህ እንደገና ቢጣፍጥስ ብዬ ምጣድም ድስትም እሳት ላይ አልጣድኩም።

ዘነበች፦ ቁጭ በይ።

ትርንጎ፦ ይርገሙኝና ልረፍ። ለመንደሩም ይንገሩ፣ ማኅበሩም ያስወጣኝ።

ዘነበች፦ ቁጭ በይ አልኩሽ። ልረግምሽ ብመጣ ዱካሽ ላይ እቀመጥ ነበር? ግቢው መሀል ቆሜ ነበር የምጮህብሽ።

ትርንጎ፦ ታዲያ ለምን መጡ? ለአርባው ነው አይበሉኝ፤ አርባው ገና ነው።

ዘነበች፦ ለአርባው አይደለም። ከምስርሽ በልቻለሁ።

ትርንጎ፦ ሁሉም በልቷል።

ዘነበች፦ ሁሉም ባሉን አልቀበረም። አንድ ጉርሻ ብለው ሲለማመጡኝ አፌን ዘግቼ ውዬ፣ ያንቺ ሲቀርብ እኔው ራሴ እጄን ሰደድኩ። ደግሞ ደጋግሜ። የደምሰው እህት ሙሉነሽ አይታኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ትርንጎ፦ ሰው ሳይበላ አይኖር። ይሄ ምን ነውር አለው?

ዘነበች፦ የአንቺ ነውር ሆኖ የእኔ ምነው ቀረ?

ትርንጎ፦ የእርስዎ ሌላ ነው። እርስዎ ይወዷቸው ነበር።

ዘነበች፦ እወደው ነበር። አንቺን አንድ ቀን ነው የተናገረሽ፣ እኔን በየምሳው። «ጨው አነሰው።» «ቀጠነ።» «እናቴ እንዲህ አልነበረም የምትሠራው።» ክፉ ሰው አልነበረም። ምላሱ ጣዕም ያውቃል፤ ዝም ማለት ግን አያውቅበትም። እኔም ድስት ከፍቼ ስቀምስ «ምን ይለኝ ይሆን?» እያልኩ ነው። የገዛ ምላሴ ምን እንደሚወድ ጠፍቶኛል።

ትርንጎ፦ አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ዘነበች፦ ለማን? የቤት ገመና ነው። ያን ቀን ያንቺን ምስር ጎርሼ ድምፁን ጠበቅኩ። አንድ ነገር የሚል መስሎኝ። ቤቱ ጭጭ አለ።

ትርንጎ፦ አያልቅሱ፣ እትዬ።

ዘነበች፦ አላለቀስኩም። ባለቅስማ ጥሩ ነበር። ዛሬ ጠዋት ለቀስተኛው ተሸኝቶ ሲያበቃ ብቻዬን ማድቤት ገባሁ። ለአንድ ሰው የምትበቃ ሽሮ ጣድኩ። ቃሪያ እንደ ልቤ ከተፍኩባት፤ እሱ ቃሪያ ሲሸተው እንኳ ይነጫነጭ ነበር።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ዘነበች፦ ጣፈጠኝ፣ ትርንጎ። ይሄን ተሸክሜ ከአንቺ ሌላ የማን ቤት ልሂድ?