በዓይናቸው የሚሰሙት ተዋናይ

ግድግዳው ከኋላቸው በተደረመሰ ጊዜ በመድረኩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሲበረግግ፣ አንዷ ስትጮህ፣ አንዱም ከጠረጴዛ ሥር ሲገባ፣ እሳቸው ብቻ የያዙትን ትሪ ሳያናጉ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ከስስ ጣውላ የተሠራው ያ ግድግዳ ወለሉን የመታው ከጀርባቸው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር፤ እሳቸው ግን ዞር ያሉት አቧራው ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ነው። አዘጋጁ "ይሄ ነው ተዋናይ! ቤት ቢፈርስበት የማይፈርስ!" ብሎ አጨበጨበላቸው፤ ሌሎቹም ተከትለው አጨበጨቡ። ግድግዳውን አጥብቆ ያላሰረው የመድረኩ አናጢ ግን፣ በጥፋቱ አፍሮ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ያያቸው ስለነበር፣ የልበ ሙሉ ሰው አቋቋም ሳይሆን ምንም ያልሰማ ሰው አቋቋም መሆኑን ልብ አለ። በዚያን ቀን አርባ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

የተወለዱት ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሲሆን፣ አባታቸው ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሱ፣ እናታቸውም እህሉን የሚመዝኑ ነበሩ፤ ከአራቱ ልጆችም የመጨረሻው እሳቸው ናቸው። ወፍጮው ከጠዋት እስከ ምሽት ስለሚያጓራ በዚያ ቤት ሰው የሚነጋገረው ፊት ለፊት እየተያየ ነበር፤ እናታቸው "ውሃ አምጣ" ያሉ እንደሆነ የሚታዘዘው ከንፈራቸው እንጂ ድምፃቸው አልነበረም። "ነገር በዓይን ይገባል" ሲባል ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለሳቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር።

ትምህርት ቤት በገቡ በአምስተኛው ዓመት፣ የሒሳብ አስተማሪያቸው ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲያስረዱ፣ እሳቸው ከኋላ ተነሥተው የአስተማሪውን አፍ፣ አገጭና ቅንድብ ያለ አንዳች ድምፅ እየቀዱ ክፍሉን በሳቅ ሲያፈርሱ ተያዙ። አስተማሪው አለንጋ ያነሣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ትንሽ አይተዋቸው "በል እንግዲህ ድምፅ ጨምርበትና ለኔም አሳየኝ" አሏቸው፤ የትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ ደጅ የተከፈተላቸውም በዚያ ነው። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ሦስት ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆነው በየደጁ ሲያንኳኩ፣ ቆጣሪውን ካነበቡት ይልቅ የከፈተላቸውን ሰው ያነበቡት ይበልጣል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ተፈትነው በተዋናይነት ሲቀጠሩ ለፈታኞቹ ያሳዩት ያንኑ ነበር፣ በር ከፍቶ "ምን ነበር?" የሚል ሰውን በአሥራ አንድ ዓይነት ፊት።

የመጀመሪያ ሥራቸው ጦር ይዞ የሚቆም ዘበኛ ሲሆን የሚናገሩትም ሦስት መስመር ነበር። በሚቀጥለው ተውኔት ሐኪም ሆኑ፣ ሦስት መስመር። ቀጥለው ዳኛ፣ ቀጥለው ደብዳቤ አምጪ፣ ቀጥለው ማንም ያልጋበዘው አማች፤ አሁንም ከሦስት መስመር ፈቀቅ አላለም። "ጋሽ ሦስት መስመር" የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ ሲጠሩበትም አይቆጡም ነበር። ንጉሡን የሚጫወተው ይለዋወጣል፤ የንጉሡን መሞት የሚያረዳው ግን ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። በመንገድ ሲሄዱ ፊታቸውን የማያውቅ አልነበረም፣ ማን እንደሆኑ የሚያውቅም አልነበረም። "ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ እርስዎን የት ነው የማውቀው? ውሃ ቆጣሪ የሚያነቡት አይደሉም?" ሲሏቸው "ነኝ" ብለው ያልፉ ነበር፤ ውሸትም አልተናገሩ።

በሠላሳ ዓመታቸው የቴአትር ቤቱን ልብስ ሰፊ አገቡ። እኚህ ባለቤታቸው ዝም የሚሉት ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያስገቡ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ ባልና ሚስቱ ምሳ ሲበሉ ያየ ሰውም አንዱ አፍ፣ አንዱ ዓይን ሆነው እንደሚውሉ ይመሰክራል። በዓመቱ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስትስቅ እሳቸውን፣ ስትናገር እናቷን ሆነች።

ጆሯቸው መክዳት የጀመረው ወደ አርባ ሲጠጉ ነው፤ መጀመሪያ ግራው፣ ኋላም ቀኙ። ማንም የማያውቃቸው ሩቅ ሰፈር ሄደው የታዩት ሐኪም ነርቩ እየሞተ መሆኑንና መድኃኒትም እንደሌለው ነገራቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሳቸው ግን ባዳ ብቻ ሳይሆን ጥሎ ሄደ። ይህንን ለማንም ያልተነፈሱበት ምክንያት ነበራቸው፤ ከሳቸው በፊት አንድ አንጋፋ ተዋናይ ዓይናቸው ደከመ ተብሎ ወደ ቲኬት ክፍል ሲዛወሩ፣ በየምሽቱ ከመስኮቷ ጀርባ ቁጭ ብለው የራሳቸውን ቃለ ተውኔት በሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ አይተዋል። "ከዚያ መቃብር ይሻላል" ይሉ ነበር።

ግድግዳው በወደቀ ማግስት አናጢው ከኋላቸው ቆሞ ሆን ብሎ መዶሻውን ጣለ። አልዞሩም። ዞሮ ከፊታቸው ቆመና "አይሰሙም" አላቸው።

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

"ለባለቤቴስ?"

"ለማንም አልኩዎት።"

"እሷ ካወቀች ልብስ ክፍሉ ያውቃል፤ ልብስ ክፍሉ ካወቀ ጎዳናው ያውቃል። አደራ!" አሉት፤ አናጢውም አደራውን ተቀበለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አናጢው ትርኢት ባለ ቁጥር ከመድረኩ ወለል ሥር እየገባ፣ ጨርቅ በተጠቀለለ የመዶሻ እጀታ ከእግራቸው በታች ጣውላውን ይመታላቸው ነበር። አንድ ምት ተራዎ ደረሰ ማለት ነው፤ ሁለት ምት ሰው እየሳቀ ነው፣ ይቆዩ ማለት ነው። አናጢው ፊደል አልቆጠረም፤ ተውኔቱን ሁሉ የያዘው በጆሮው ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ በቃሉ ያጻፈው እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ማንበብ የማይችለውና መስማት የማይችሉት ተደጋግፈው አሥራ ስምንት ዓመት መድረክ ላይ ቆሙ። አንድ ጊዜ ብቻ አናጢው ከታች ሲያስነጥስ ጭንቅላቱ ጣውላውን መታ፤ በረኛ ሆነው የቆሙት ጋሽ ሦስት መስመርም ተራዬ ነው ብለው በሩን ከፍተው፣ ለሌለ እንግዳ "ጌታዬ ቤት የሉም" አሉ። ጌታው መሐል መድረክ ወንበር ላይ ተቀምጠው እየተናገሩ ነበር፤ ደንግጠው "አለሁ እንጂ! ምን አደረግሁህ?" ሲሉ አዳራሹ ተናጋ። አዘጋጁ በጣም ወዶት እስከ መጨረሻው እንዲሁ ይሁን አለ። አናጢው ያን ምሽት ሁለቱን ምት እየደጋገመ የመታው እጁ እስኪዝል ነው፤ እሳቸው ሳቅን የሚሰሙት በጫማቸው ሶል ነበርና።

ቤታቸው ግን ከወለሉ ሥር የሚያንኳኳ ሰው አልነበረውም። ባለቤታቸው ምድጃው ላይ አጎንብሰው የሚናገሩት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው፤ መልስ ሲያጡ "ጆሮ ዳባ ልበስ አልከኝ? ሰው ነው ያገባሁት ወይስ ካስማ?" ይሉ ነበር። እሳቸውም ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይመጣ ነበር። የከፋው ቀን የመጣው ባለቤታቸው የልብስ ጠርዝ እየለኩ፣ አምስት ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው በነበረ ጊዜ ነው። ስፒል የነከሰ ከንፈር አይነበብም። "እናቴ ሞተች፤ ዛሬ ደወሉልኝ" አሉ ባለቤታቸው ጥርሳቸውን ገጥመው። እሳቸው የልብሱን ነገር የሚነግሯቸው መስሏቸው "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አሉ። ባለቤታቸው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ ሌላ ቃልም አልጨመሩ። ያቺ ሴት ዝም ካለች ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

በሳምንቱ ባለቤታቸው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው በሌላ ከተማ ወደሚኖር ወንድማቸው ሄዱ። እሳቸው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተው፣ ፊታቸው እንዳይታይባቸው ዞር ብለው ሲራመዱ፣ ልጅቱ በመስኮት ብቅ ብላ "አባዬ!" አለች፤ አራት ጊዜ ጠራች። አልዞሩም። ዕቃ ተሸክሞ ሸኚ ሆኖ የመጣው አናጢ ይህንን አይቷል፤ ሮጦ ትከሻቸውን ቢነካቸው ይበቃ ነበር፣ ግን ሁለት ሻንጣ ወደ ጣሪያው እያቀበለ ነበርና እጁ እስኪለቀቅ አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ኖሩ። በሩን የሚያሳዩ ሦስት መስተዋቶች በሦስት ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፤ ከጀርባ የሚመጣ ሰው እንዳያስደነግጣቸው ነበር፣ ጎረቤቶቻቸው ግን "ተዋናይ መቼም ራሱን አይቶ አይጠግብም" ይሏቸው ነበር። ለልጃቸው በየወሩ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እሷ ግን ድምፅ ነበር የምትፈልገው። "ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ ስልክ አይደውልም?" ብላ ጻፈችላቸው፤ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መስመር አልነበራቸውም።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ የአንዲት ሙሽራ አባት ሆነው ሠሩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሲሄዱ ሙሽራዋ "አባዬ" ብላ ትጠራቸዋለች፣ ይዞራሉ። የስቱዲዮው ወለል ሲሚንቶ ስለሆነ አናጢው ሊረዳቸው አልቻለም፤ በልባቸው እስከ ሰባት ቆጥረው ዞሩ። ሙሽራዋ ከጠራቻቸው ትንሽ ቆይተው በመዞራቸው አገር ምድሩ ተደነቀ፤ "ሲዞር እንኳ ልብ ይሰብራል" ተባለላቸው። ያን ሰሞን ልጃቸው መጣች፤ ወደሳቸው ሳይሆን ወደ አናጢው። ከበሩ ላይ ቆማ "ለሷ ዞረላት" አለችው።

አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው። አደራ ሰው አፍ ውስጥ ሲቀመጥ ከስፒል ይብሳል። ወደ ሥራው ዞረ፤ እሷም ሄደች።

በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ ቴአትር ቤቱ ስለ ረጅም አገልግሎታቸው ሬዲዮ ሸለማቸው። አመስግነው ተቀበሉ፤ ከቤታቸው የሰው ድምፅ እንዲሰማ ከጠዋት ጀምረው ይከፍቱታል፤ ጣቢያ ለቅቆ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ውሎ የጎረቤት ሴት "ኧረ ጋሼ፣ በልጆቼ አምላክ ይዝጉልን" ብላ የመጣችበት ጊዜም ነበር።

በሰባ አንድ ዓመታቸው ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ገቡ። በሦስተኛው ቀን ስማቸውን የጠሩት ነርሶች መልስ ሲያጡ "እኚህ ሽማግሌ ኩሩ ናቸው" ሲባባሉ አናጢው ሰማ። ሰው በዚህ ስም ሊሞት ነው አለ በልቡ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አንዲቱ ነርስ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር እንድትደውልለት ለመናት፤ ልጅቱ ስታነሣም "አባትሽ አይሰሙም" አላት።

"ምን ማለት ነው አይሰሙም?"

"ጆሯቸው ነዋ። አንቺ ትንሽ ሳለሽ ጀምሮ።"

ከዚያ "አውቶቡስ ተራ የጠራሁት…" አለች።

"አልሰሙሽም።"

በማግስቱ እናትና ልጅ መጡ። ልጅቱ ከአልጋው እግርጌ ቆማ ምንም ሳትናገር አስቀድማ ወደ ብርሃኑ ስትዞር፣ አፏ እንዲታይ አገጯን ቀና ስታደርግ፣ ሁሉ ነገር ገባቸው። ወደ አናጢው አይተው "አደራዬን በላኸው፣ አይደል?" አሉት።

"በላሁት።"

"ጣፈጠህ?"

"ዘግይቼ ነው የበላሁት" አለ። እሳቸውም እጃቸውን ለልጃቸው ዘረጉ።

ባለቤታቸው መስኮቱ ሥር ወንበር ስበው ተቀመጡና "አንተ ሞኝ! ብትነግረኝ አፌን በገዛ መርፌዬ እሰፋው አልነበር?" ብለው ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተናገሩ። የእናታቸውን ሞት፣ ያልተገኙበትን የልጃቸውን ሠርግ፣ የወንድማቸውን ክስ፣ የልጅ ልጆቹን ኩፍኝ ሳይቀር፤ ሃያ ሰባቱን ዓመት እንደ ክር እየተረተሩ አፍ ለአፍ ነገሯቸው። ነርሷ "ሕመምተኛው ይረፉ" ስትል እሳቸው ዓይናቸውን ከባለቤታቸው ከንፈር ሳያነሡ "ተያት" አሏት።

ጋሽ ሦስት መስመር ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ከጀርባ በማይጠራበት፣ ሁሉም ፊት ለፊት በሚተያይበት ብርሃን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው፣ በሕይወት ሳሉ ጠርተናቸው መልስ ስላጣን የፈረድንባቸውን ሁሉ ይቅር ይበለን።

ያረፉት ሆስፒታል በገቡ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወንድማቸው ቤት ዝናብ ሲገባ ጣሪያውን ማን እንደጠገነና እንዴት አድርጎ እንዳበላሸው ሲያወሩላቸው፣ እሳቸውም ፈገግ እንዳሉ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ተከደነ። ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙና፣

"ዓይንህን ግለጥ እንጂ ሰውዬ፣ ገና መች ጨረስኩ!" አሏቸው።