ለቅሶ የመጣው ሹም

ከአሰላ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ጥቁር የለበሱ እናት አጠገባቸው ካለው ጎልማሳ ጋር ያወራሉ። አይተዋወቁም።

«ባለቤቴ ሞተው ድንኳን ውስጥ ነን። የወረዳው ሹም መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ ከሰው መሀል ቁጭ አለ።»

«ጥሩ ሰው ነዋ!»

«እኔም መረቅኩት እኮ! ‹ምን ሆነው ነው?› አለ። ልጄ እያለቀሰ፣ ‹አባቴ ሲያጣጥር አምቡላንስ ብንጠራ ነዳጅ የለም ተባልን። በማግስቱ ግን ለእናንተ ስብሰባ ወንበር ሲያመላልስ አየነው› አለው።»

«ሹሙስ?»

«እጁን ይዞ አብሮት አለቀሰ! ‹ሌላስ ማን አየ?› አለ። ለቅሶ የመጣን ሰው ማን ይጠረጥራል? ጎረቤቱ ሁሉ እኔም፣ እኔም እያለ ነገረው።»

«ከዚያስ?»

«ድንኳኑ ሳይፈርስ ሁሉንም ለቃቅመው አሰሯቸው! ስም ታጠፋላችሁ ተብለው። ሌሎቹ ይቅርታ ጠይቀው ተፈቱ። የእኔ ልጅ ‹በአባቴ ሞት አልዋሽም› ብሎ እዚያው ነው። አሁን እሱን ልጠይቅ ሄጄ መመለሴ ነው። ወራዳ! የሰው እንባ ሊሰልል ነው ለካ የመጣው!»

«ያሳዝናል፣ እናቴ። ልጅዎ ማን ይባላል?»

ዞር ብለው አዩት።

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲያው ዝም ብዬ ነው።»

«እሱም ዝም ብሎ ነበር የጠየቀን።»

እኔም አይዞዎት ልላቸው የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁት።